ስለ ሠርጉ ምስልና ስለ ግልባጩ

ተጠራጣሪው፦ የእኅትህ ሠርግ የተቀረጸበትን ብሉሬይ፣ የካባው የወርቅ ክር በየመስመሩ ተለይቶ፣ የጧፉም ብርሃን በካህናቱ ፊት ላይ ሲወዛወዝ የሚታይበትን ያን ድንቅ ዲስክ፣ በገዛ ቤትህና በገዛ ኮምፒውተርህ ወደ ተራ ዲቪዲ ልትገለብጠው እንደ ተነሣህ ሰማሁ። የጐደለውን ለመሙላት የሚደክም ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ ምሉዕ የሆነውን ነገር በፈቃድ ለማጕደል ይህን ያህል መድከም ግን ስለ ምን እንደ ሆነ ልታስረዳኝ ይገባል።

ገልባጩ፦ ጋሼ፣ ዲስኩ ምሉዕ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን እናቴ አላየችውም። ሠርጉ የተፈጸመው ቨርጂኒያ ነው፤ እርሷ ቪዛ ስላላገኘች ደብረ ብርሃን ቀርታ፣ የልጇን ሥርዓተ ተክሊል እስከ ዛሬ የምታውቀው በስልክ ከተላኩላት ቁርጥራጮች ብቻ ነው። በቤቷ ያለው የዲቪዲ ማጫወቻና ከኋላው ሆድ ያለው ባለ 21 ኢንች ቴሌቪዥን ነው። ብሉሬዩን እንዳለ ብልክላት ማጫወቻዋ ከቶ ሊያነበው አይችልም፤ ምክንያቱም ዲቪዲ የሚነበበው የሞገዱ ርዝመት 650 ናኖሜትር በሆነ ቀይ ጨረር ሲሆን፣ ብሉሬይ የሚነበበው 405 ናኖሜትር በሆነ ወደ ሐምራዊ ባደላ ጨረር ነው፤ በዲቪዲም ላይ ከአንዱ የጽሕፈት መስመር እስከ ሌላው 0.74 ማይክሮሜትር ሲሆን በብሉሬይ ላይ 0.32 ብቻ ነውና፣ ያ ቀይ ጨረር በዚህ ረቂቅ ጽሕፈት ላይ ቢያርፍ አንዱን መስመር ከሌላው ለይቶ ማንበብ አይሆንለትም። እናቴ በስፋቱም ሆነ በመልኩ ከሌሎቹ ዲስኮቿ የማይለይ ነገር በእጇ ይዛ፣ የልጇ ሠርግ ግን ተዘግቶባት ይቀራል።

ተጠራጣሪው፦ ስለ ጨረሩ የተናገርኸው እውነት ነው፤ ዋጋውን ግን ደግሞ ቁጠረው። የብሉሬዩ ምስል በወርዱ 1920፣ በቁመቱ 1080 ነጥብ አለው፤ በአሜሪካ ሥርዓት የሚሠራ ዲቪዲ ያለው 720 በ480 ነው። ብታባዛው የመጀመሪያው 2,073,600፣ የሁለተኛው 345,600 ይሆናል፤ ከስድስት እጅ አንዱ ማለት ነው። በአገራችን በሚሠራበት በፓል ሥርዓት 720 በ576 ብታደርገው እንኳ የምታተርፈው ከአምስት አንዱን ነው። ከዚህም በላይ ብሉሬይ ለምስሉ ብቻ በሴኮንድ እስከ 40 ሜጋቢት ሲፈቅድ ዲቪዲ ከ9.8 አያልፍም፤ ምስሉም የሚታመቅበት ዘዴ ያ የቆየው ኤምፔግ 2 ነው። ከስድስቱ እጅ አምስቱን ጥለህ፣ የቀረችውንም አንዲቱን አጥብቀህ ጨምቀህ ስታበቃ፣ እናቴ የልጇን ሠርግ አየች ልትል ይቻልሃልን?

ገልባጩ፦ የምጥለው እርሷ ልታየው የማትችለውን ነው። ያ ባለ 21 ኢንች ቴሌቪዥን ከዚያ የበለጠ ነጥብ የሚያሳይበት ዐቅም የለውም፤ ሚሊዮኑን ነጥብ ብልክለት እንኳ ከመስተዋቱ ላይ የሚወጣው ያው ነው። ይልቁንም ከትልቅ ምስል በጥንቃቄ የወረደ ዲቪዲ፣ መጀመሪያውኑ በተራ ካሜራ ከተቀረጸ ዲቪዲ የጠራ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ምክንያቱም ብዙዎቹ ነጥቦች ወደ አንዱ ሲጠቃለሉ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ጨለማ ውስጥ እንደ ብናኝ የሚርመሰመሰው የካሜራው እንከን እርስ በርሱ ተጣፍቶ ይጠራል።

ተጠራጣሪው፦ እንግዲያው ጕድለቱ በማጫወቻዋና በቴሌቪዥኗ ከሆነ፣ ምስሉን ከማዋረድ ዕቃውን መለወጥ አይሻልምን? ለአንድ ወር የምታመሽበትን ድካም ወደ ገንዘብ ብትለውጠው ለእናትህ አዲስ ማጫወቻ ይገዛል።

ገልባጩ፦ ስለ ገንዘቡ አልከራከርም። አዲሱ የብሉሬይ ማጫወቻ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው መውጫ ኤችዲኤምአይ ብቻ ነው፤ የእናቴ ቴሌቪዥን ያለው መሰኪያ ቀይ፣ ነጭና ቢጫው ነው። ስለዚህ ማጫወቻ ስገዛላት ቴሌቪዥንም እገዛለሁ፤ ቴሌቪዥኑን ስገዛ የሚያስተካክል ሰው እፈልግላታለሁ፤ በመጨረሻም እርሷ ራሷ የምታውቀውን ሪሞት ወስጄ የማታውቀውን እሰጣታለሁ። አሁን ባለችበት ሁኔታ ግን ጎረቤቶቿን ቡና ጠርታ፣ ማንንም ሳትለምን ዲስኩን በእጇ አስገብታ ማጫወት ትችላለች። ይህ ነጻነት ለእኔ ከነጥቡ ብዛት ይበልጥብኛል።

ተጠራጣሪው፦ ዲስኩን ተወውና በፍላሽ ላክላት። የብዙዎቹ ማጫወቻዎች ግንባር ላይ የፍላሽ ቀዳዳ አለ።

ገልባጩ፦ የእርሷም አለው። ነገር ግን እነዚያ ርካሽ ማጫወቻዎች በፍላሽ የሚያነቡት እንደ ዲቪኤክስ ያሉትን የቆዩ አስተማመቆች ነው፤ የብሉሬዩን ኤች 264 ምስል በሙሉ መጠኑ ብሰጣቸው የፋይሉን ስም አሳይተው ዝም ይላሉ። ስለዚህ በፍላሽም ቢሆን ማውረድ አይቀርልኝም፤ ልዩነቱ መያዣው ብቻ ነው።

ተጠራጣሪው፦ መልካም፤ ማውረዱ አይቀርም እንበል። እንግዲህ ወደ ሥራው ልግባ፤ ምክንያቱም ነገሩን ከሩቅ የሚያደንቁት ሰዎች ቁልፍ ተጭኖ መጠበቅ ብቻ ይመስላቸዋል። ያን ቪዲዮ እኔም አይቼዋለሁ። ሙሽራዪቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስትወጣ፣ ካሜራው ከእግሯ ሥር ተነሥቶ ዝግ እያለ ወደ ላይ የሚሄድበት ቦታ አለ። በቀሚሷ ጠርዝ ላይ ያለው ጥበብ፣ አረንጓዴውና ቀዩ ክር እየተፈራረቀ፣ በመካከሉም እንደ ፀጕር የቀጠኑ አግድም መስመሮች ያሉት ነው። እነዚያን መስመሮች ከ1080 ወደ 480 ስታወርዳቸው ምን ሆኑብህ?

ገልባጩ፦ ተርገበገቡብኝ። እውነቱን ልንገርዎ፤ የቀሚሱ ጠርዝ ሕያው ነገር የተሰገሰገበት እስኪመስል ድረስ ይንቀጠቀጥ ነበር። ምክንያቱን ያገኘሁት በዚያ ዓይነት አሮጌ ቴሌቪዥን ላይ ካየሁት በኋላ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ሙሉውን ምስል በአንድ ጊዜ አያሳይም፤ በመጀመሪያ ጎደሎ ቍጥር ያላቸውን መስመሮች፣ ቀጥሎ ሙሉ ቍጥር ያላቸውን እያፈራረቀ ይሥላል። ውፍረቱ ከአንድ መስመር የማይበልጥ ክር እንግዲህ በአንደኛው ዙር ይታያል፣ በሁለተኛው ይጠፋል፤ ይህም በሴኮንድ 30 ጊዜ ያህል ስለሚደጋገም ለዓይን እንደ ርግብግብታ ይሆናል። በኮምፒውተር መስተዋት ላይ ሳየው ምንም እንከን አልነበረበትም፤ ኮምፒውተሩ መስመሮቹን አንድ ላይ ሰፍቶ ያሳያልና። ስለዚህ ለአሮጌ ቴሌቪዥን የሚሠራ ሰው በአሮጌ ቴሌቪዥን ሳያይ ጨረስሁ አይበል። መድኃኒቱም ምስሉን ከማውረድ በፊት በቁመቱ በኩል ጥቂት ማለስለስ ነው፤ እንዲህ ባደረግሁ ጊዜ ጥበቡ ረጋ።

ተጠራጣሪው፦ ማለስለስ ያልኸው ማደብዘዝ ነው። ሸማኔው በመወርወሪያ ሲመላለስ የለየውን ክር አንተ መልሰህ ቀላቀልኸው። እንግዲህ ያደረግኸው ማስተላለፍ ብቻ አይደለም፤ ከሠርጉ የትኛው ይታይ፣ የትኛው ይቅር ብለህ ፈረድህ።

ገልባጩ፦ ፈርጃለሁ። ከሚርገበገብ ጥበብ የረጋውን መረጥሁ፤ ከተቻለኝም የእናቴን ዓይን ወደ ጠርዙ ሳይሆን ወደ ልጇ ፊት እንዲሄድ ፈለግሁ። ቪዲዮ አንሺውስ ካሜራውን ወዴት እንደሚያዞር ሲመርጥ አልፈረደምን?

ተጠራጣሪው፦ እርሱ በፊቱ ካለው ዓለም መረጠ፤ አንተ ከእርሱ ምርጫ ላይ ቀነስህ። ይሁን፤ ስለ ጭፈራው ደግሞ ንገረኝ። በአሜሪካ ካሜራ የተቀረጸው በሴኮንድ 29.97 ምስል አለው፤ ፓል የሚፈልገው 25 ነው። ያን ሁሉ እስክስታ በየሴኮንዱ ወደ አምስት የሚጠጉ ምስሎች ብትነቅልበት ትከሻው እየተቆራረጠ ይሄዳል።

ገልባጩ፦ በዚህስ ከእርስዎ ጋር አንድ ነኝ፤ ስለዚህም አልነቀልሁም። በአገራችን የሚሸጡት ማጫወቻዎችና ቴሌቪዥኖች አብዛኛዎቹ ሁለቱንም ሥርዓት ያነብባሉ፤ ቢሆንም በግምት አላደረግሁትም፤ አስቀድሜ አጭር የሙከራ ዲስክ በመንገደኛ እጅ ልኬ፣ ምስሉ ቀለሙን ይዞ፣ ሳይንሸራተት መውጣቱን ጎረቤት አይቶ ከነገረኝ በኋላ፣ በአሜሪካው ሥርዓት በ480 መስመር እንዳለ ተውሁት። ቁመቱ ጥቂት ቀነሰ፤ እስክስታው ግን ሳይሰበር ቀረ። ቀለሙም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ከፍተኛ ጥራት ያለው ምስል ቀለሙን የሚያሰላበት ደንብ ሬክ 709 የሚባለው ሲሆን የዲቪዲው ሬክ 601 ነውና፣ ይህ ሳይለወጥ ቢታለፍ የካባው ቀይና የሣሩ አረንጓዴ ከመልካቸው ፈቀቅ ይላሉ። የወርዱና የቁመቱ ምጣኔ 16 ለ9 መሆኑን የሚናገረውም ምልክት በዲስኩ ላይ ሳይጻፍ ከቀረ፣ ካህናቱ ሁሉ ረዣዥምና ቀጫጭን ሆነው ይወጣሉ። ኤፍኤፍኤምፔግና ዲቪዲ ስታይለር የተባሉት ፕሮግራሞች ያለ ክፍያ የሚገኙ ሆነው ይህን ሁሉ መሥራት ይችላሉ፤ የሚያስፈልገው ምን እንደሚያዝዟቸው ማወቅ ነው።

ተጠራጣሪው፦ አንተ ታውቃለህ እንበል። ነገር ግን የሰው ልማድ እንዲህ አይደለም። ስንቱ ነው የሦስት ሰዓቱን ሠርግ በአንድ ዲስክ ጠቅጥቆ፣ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ሲያበቃ ወደ አገር ቤት የሚልከው! ዲስኩ የሚይዘው 4.7 ጊጋባይት ነው፤ ይህን ለሦስት ሰዓት ብታካፍለው በሴኮንድ የሚደርሰው 3.5 ሜጋቢት ያህል ነው፤ ከዚህም ላይ ድምፁ ድርሻውን ይወስዳል። በዚህ ስስት ውስጥ መጀመሪያ የሚሞተው የጧፉ ብርሃን ነው፤ ከነበልባሉ ወደ ጨለማው ቀስ በቀስ የሚከስመው ጥላ አራት ማዕዘን እየሆነ ይሰነጣጠቃል፤ የሥርዓቱ ሁሉ ግርማ ያለው ግን በዚያ ጥላ ውስጥ ነው።

ገልባጩ፦ ይህ የችኩላን በደል እንጂ የሥራው አይደለም። እኔ ለሁለት ከፈልሁት፤ ተክሊሉና ቅዳሴው በአንድ ዲስክ፣ መልሱና ጭፈራው በሌላው ሆነ። ለአንድ ሰዓት ተኩል በሴኮንድ ወደ 7 ሜጋቢት ይደርሳል፤ ፕሮግራሙም ምስሉን ሁለት ጊዜ እንዲመላለስበት አዘዝሁት፤ በመጀመሪያው ዙር የቱ ክፍል ከባድ እንደ ሆነ ያጠናል፣ በሁለተኛው ለከባዱ ብዙ፣ ለቀላሉ ጥቂት ይሰጣል። ጧፉ ከነጥላው ቆመ። ባለ ሁለት ንጣፉን 8.5 ጊጋባይት ዲስክ ያልተጠቀምሁትም፣ አንዳንድ አሮጌ ማጫወቻ ከአንዱ ንጣፍ ወደ ሌላው ሲሻገር ስለሚደናቀፍ ነው።

ተጠራጣሪው፦ ስለ መብቱስ አስበሃል? በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የቅጂ መብት ሕግ በዲስክ ላይ የተደረገውን ቁልፍ መስበርን ይከለክላል፤ ዛሬ በሠርግ የጀመረ ሰው ነገ ከመደብር የገዛውን ፊልም ወደ መገልበጥ ይሻገራል።

ገልባጩ፦ የሠርጉ ዲስክ ቁልፍ የለበትም፤ ቪዲዮ አንሺውንም ጠይቄ ፈቅዶልኛል። የተቆለፈውን ፊልም አልነካሁም፤ ስለ እርሱ የምከራከርበትም ጉዳይ የለኝም።

ተጠራጣሪው፦ ይህን ከተናገርህ በዚህ አልይዝህም። ነገር ግን እስካሁን የመለስህልኝ ሁሉ ስለ ዛሬ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ኋላ የሚመጣው ነው።

ገልባጩ፦ ስለ ኋላውም አስቤአለሁ። አባቶቻችን በገዳም ያለውን ታላቁን ብራና ወደ ቤት መውሰድ ለማይችለው ሰው፣ ቍም ጸሓፊው በትንሽ ብራና በደቃቅ ጽሕፈት ገልብጦ በማኅደር ከትቶ ይሰጠው ነበር። ያ ሰው በአንገቱ አንጠልጥሎት መንገድ ይሄድ፣ በደረሰበት ይጸልይበት ነበር። ታላቁ መጽሐፍ በዕቃ ቤት ሆኖ፣ ታናሹ በሕዝብ እጅ ሆኖ፣ ሁለቱም በየአገልግሎታቸው ኖረዋል። እኔስ ከዚህ የተለየ ምን አደረግሁ?

ተጠራጣሪው፦ ብዙ ልዩነት አለው። ቍም ጸሓፊው ዳዊትን በትንሽ ብራና ሲገለብጥ 150ውን መዝሙር ከነፊደሉ አስገብቶ ነው፤ ከስድስት ቃል አምስቱን አልጣለም። ከዚያ ታናሽ ዳዊት እንደ ገና ታላቅ ዳዊት መጻፍ ይቻላል። ከአንተ ዲቪዲ ግን ያን ብሉሬይ መልሶ የሚያወጣው ጥበበኛ አይገኝም፤ የጠፋው ጠፍቷል።

ገልባጩ፦ ቃሉ አልጐደለም፤ ሐረጉና ሥዕሉ ግን ብዙ ጊዜ ቀርቶበታል። በድሃው ዳዊት ላይ የቀለም ጌጥ አይገኝም፤ ባለቤቱ ግን ስለዚህ ጸሎቱ ጐደለ አይባልም። እናቴም የምትፈልገው ልጇ አክሊል ስትደፋ ማየትን፣ የከበሮውንና የእልልታውን ድምፅ መስማትን ነው፤ ይህ ቃሉ ነው። የክሩ ብዛት ሐረጉ ነው።

ተጠራጣሪው፦ የቱ ቃል፣ የቱ ሐረግ እንደ ሆነ ዛሬ ማን ያውቃል? የቪኤችኤሱን ዘመን አስበው። ከካሴት ካሴት እየተቀዳ፣ ቅጂው እንደ ገና እየተቀዳ፣ በመጨረሻ የአባቶቻችን ፊት ጭጋግ ሆኖ ቀረ። በዚያ ጊዜም እያንዳንዱ ቀጂ፣ ለማየት ይበቃል፣ ሰውየው ይለያል፣ ይል ነበር። አሁን የልጅ ልጆቻቸው ዓይኑ የማን እንደሚመስል፣ በግንባሩ ላይ ጠባሳ እንደ ነበረው ሊያውቁ ሲፈልጉ፣ ያ "ይበቃል" የተባለው ቅጂ ዝም ይላቸዋል። ክፉው ነገር ቅጂ መኖሩ አይደለም፤ ቅጂው እየዞረ፣ እየታየ፣ እየተወደደ ሲሄድ ዋናው በሳጥን ውስጥ ይረሳል፤ አንድ ቀን ሳጥኑ ሲጠፋ የሚያለቅስለት እንኳ አይገኝም፤ ቅጂው አለና። አንተ ዛሬ ለእናትህ ባደረግኸው መልካም ነገር፣ ገና ላልተወለደው የልጅ ልጇ ምን እንደሚታየው ቈርጠህለታል።

ገልባጩ፦ ይህ ከተናገሩት ሁሉ የሚከብደኝ ነው፤ ቀላል መልስም የለኝም። ነገር ግን ነገሩን ከወዲያኛው ወገን ይመልከቱት። እኔ ባልገለብጠው ብሉሬዩ ይድናልን? በዚያው ሳጥን ውስጥ ለጥቂት ዓመታት ማንም ሳይከፍተው ተቀምጦ ነበር። ሶኒ በቤት የሚጻፍበትን ብሉሬይ ማምረት እ.ኤ.አ. በ2025 አቁሟል፤ ከዚያ በፊትም የብሉሬይ ተፎካካሪ የነበረው ኤችዲ ዲቪዲ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ወጥቶ በ2008 ቶሺባ ሲተወው፣ የገዙት ሰዎች ማጫወቻውን እንደ ታቀፉ ቀርተዋል። ዋናው ራሱ ሟች ነው። እናቴም ዕድሜዋ ገፍቷል። ለማይታወቀው የልጅ ልጅ ፍጹሙን ምስል እንጠብቅ እያልን፣ በሕይወት ያለችውን አያት ከሠርጉ ውጭ ማስቀረት ፍትሕ አይመስለኝም። በሳጥን ውስጥ ያለ ምስል ለማንም ዝክር አይሆንም፤ ያ ዲስክ ዛሬ ጠቃሚ መሆኑን ያወቅነውም እኔ ልገለብጠው ባወጣሁት ጊዜ ነው።

ተጠራጣሪው፦ በዚህ ጥቂት አሸነፍኸኝ፤ ሁሉን ግን አይደለም። ዋናው ሟች ከሆነ፣ ይህ ለዋናው ይበልጥ እንድትደክምለት የሚያስገድድ እንጂ በቅጂው እንድትጽናና የሚፈቅድ ነገር አይደለም። የምትልከውም ዲቪዲ ከዋናው ይልቅ ዕድሜው ሊያጥር ይችላል፤ በቤት የሚጻፍበት ዲቪዲ መረጃውን የሚይዘው ብርሃንና ሙቀት በሚጎዳው ቀለም ነውና፣ በመስኮት ዳር የፀሐይ ጨረር ሲመታው ቢከርም አንድ ቀን ማጫወቻው ያንኳኳል እንጂ አያነብም።

ገልባጩ፦ ሁለት ሁለት ቅጂ እልካለሁ፤ አንዱን ለማየት፣ አንዱን በጨለማ ለማስቀመጥ። በየዲስኩ ላይም ጸሓፊዎቹ በመጽሐፋቸው መጨረሻ ለማን እንደ ተጻፈና ማን እንዳጻፈው እንደሚያሰፍሩ፣ እኔም ይህ ግልባጭ እንጂ ዋናው አለመሆኑን፣ ዋናው በማን ቤት እንዳለ እጽፍበታለሁ።

ተጠራጣሪው፦ ዋናው በማን ቤት እንዳለ የምትጽፈው በእርግጥ የሚኖር ከሆነ ነው። እንግዲህ የእኔ ቃል ይህ ነው። እናትህ ዲቪዲውን ታግኝ፤ ይህን አልከለክልም፤ ግልባጩም በሚገባ ተሠርቷል። ነገር ግን አንዲት ዲስክ ከቤትህ ከመውጣቷ በፊት፣ በብሉሬዩ ውስጥ ያለውን ፋይል ሁሉ አንድም ሳትለውጥ፣ ሳታወርድ፣ እንዳለ በሁለት ሀርድ ዲስክ ገልብጥ፤ አንዱ በእኅትህ ቤት ይሁን፤ ሁለተኛውም ከዲቪዲዎቹ ጋር ደብረ ብርሃን ይሂድ፤ ዛሬ የሚያየው ባይኖር አንድ ቀን የሚያየው ይኖራልና። በሚቀጥለው ወር አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ያን ሀርድ ዲስክ ይዘህልኝ ከመጣህ፣ እርሱንም ዲቪዲዎቹንም እኔው ራሴ ደብረ ብርሃን አድርሼ ለእናትህ በእጇ እሰጣቸዋለሁ።